መስኮቱ ጋ የቆመችው ሴት

ሙዚየም ውስጥ ቆሞ መዋል ቀላል ሥራ ነው ይላሉ፤ ቆመው ውለው የማያውቁ ሰዎች። እኔ ቆሜ ውዬ አውቃለሁ። ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬ፣ መታወቂያዬን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት ትልቁ ክፍል ጥግ ላይ እቆማለሁ። ወንበር አለኝ፤ ግን ሰው ሲገባ መቀመጥ ክልክል ነው። ሰው የማይገባበት ሰዓት ደግሞ የለም። የዋናው ከተማ ሙዚየም ስለሆነ አገር ሊያይ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ከዚያ ቤተ መንግሥቱን፣ ሐውልቱን፣ ማማውን ሲዞር ይውልና እግሩ አብጦ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ታዲያ እኔን የሚያየኝ የለም። ላማርር ብዬ አይደለም። ሰው የሚመጣው ግድግዳው ላይ ያለውን ሊያይ እንጂ ጥግ የቆመችውን ሊያይ አይደለም። የሚያናግረኝ ካለም መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው። ሥራ ጨርሼ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጡትን ቃላት አስታውሳለሁ፦ "አይነካም"፣ "በስተግራ"፣ "ፍላሽ አይቻልም"። እነዚህን ብቻ ተናግራ የምትውል ሴት ብቸኛ ናት ብትሉኝ አልከራከርም። አንዳንድ ቀንማ የራሴ ድምፅ ለራሴ እንግዳ ይሆንብኛል።

እሱ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበርኩ።

እሱ አስጎብኚ ነው። በአውቶቡስ የሚመጡትን እንግዶች እየመራ በየቀኑ በእኔ ክፍል ያልፋል። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደማንኛውም ሰው ነበር የሚያልፈኝ። አንድ ቀን መስኮቱ ጋ የቆመችውን ሴት ሲያስረዳ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ይህች ሥዕል ትልቅ አይደለችም። አንዲት ወጣት ሴት በጎን ትታያለች፤ መስኮት አጠገብ ቆማ አንድ እጇን መዝጊያው ላይ አሳርፋለች። ውጭው ምን እንደሆነ አይታይም፤ ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው። አስጎብኚዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነበር፦ "መስኮቱን እየከፈተች ነው። የምትጠብቀው ሰው አላት።" ያን ቀን አንዲት አሮጊት ጎብኚ፣ "ማንን ነው የምትጠብቀው?" ብላ ጠየቀችው።

እሱም ሥዕሉን ትቶ ወደ እኔ ዞረና፣ "በየቀኑ በደጇ የሚያልፍ፣ ግን እንደምን አደርሽ ለማለት ድፍረት ያጣ አንድ ሞኝ አለ። እሱን ነው" አለ።

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ጠባቂ መሳቅ የለባትም፤ እኔ ግን ሳቅሁ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሏ የእኛ ሆነች። ሥራ ላይ ቆሞ ማውራት ለእኔ ክልክል ነው፤ እሱም ያን ሁሉ ሰው ከኋላው አሰልፎ ጥግ ላይ ሊያጫውተኝ አይችልም። ስለዚህ ለእንግዶቹ እያስረዳ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር። ቁርስ ሳልበላ የወጣሁ ቀን፣ "ፊቷ ትንሽ የገረጣው ለምን ይመስላችኋል? ባዶ ሆዷን ወጥታ ነው" ይላል። አዲስ ሻርፕ ያደረግሁ ቀን፣ "ይህ አረንጓዴ ሻርፕ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ባላማረች ነበር" ይላል። ሥዕሏ አንገት ላይ ሻርፕ የሚባል ነገር የለም። እንግዶቹ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ "ልክ ነው" ይላሉ። ሰው አስጎብኚ ከነገረው የሌለውንም ያያል።

ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ሰኞ የእኛ ቀን ነበር። እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ከቤቴ እስከ ሥራዬ ካለው የአውቶቡስ መንገድ ሌላ የማውቀው አልነበረም። እሱ እንደ ሩቅ አገር ሰው ያስጎበኘኝ ጀመር። "ክብርት እንግዳችን፣ በስተቀኝዎ የሚያዩት የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው፤ በስተግራዎ ያለው ደግሞ እርስዎን ሲያይ መንገድ የጠፋበት አስጎብኚ ነው" ይለኛል። ትልቁን ድልድይ አብረን ተሻገርን። ሰዓቱ የቆመበትን የምክር ቤት ሕንፃ አይተን ሳቅን። የራሴን ከተማ ያወቅሁት በእሱ ዓይን ነው።

ግን ደስታዬ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጥ ነበር። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳኛ ነበሩ። እናቱ በሌላ ከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው የሚነሳላቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ አለ። የእኔ አባት የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችን። ሁለቱም ዛሬ የሉም። ከታላቅ እህቴ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል።

"ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚወድሽ ሰው ነው ያገኘሽው" አለችኝ አንድ ጊዜ፣ የራሷን ፀጉር በመስታወት እያየች። "ማክሰኞስ ማን ነሽ? ለእናቱ አንድ ቀን ስለ አንቺ ተናግሯል?"

"ይነግራቸዋል።"

"መቼ?"

ሻርፔን አጣጥፌ አስቀመጥኩ። የሚያመኝም ትክክል ስለሆነች ነበር።

ባለፈው ሰኞ ማማው ላይ ወጣን። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፤ ከተማው ከታች እንደተዘረጋ ልብስ ተንጣልሎ ይታያል። እሱ እንደ ልማዱ አልቀለደም። የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች። ከተማውን ላስጎበኛት ነው" አለኝ።

ወደ እሱ ዞርኩ። "ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?"

"ሥዕሏ ጋ ስደርስ ትሰሚያለሽ።"

"አሁን ንገረኝ።"

"እዚህ ብነግርሽ ነፋሱ ይወስደዋል" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን አላማረም።

"ትፈራቸዋለህ እንዴ?"

"እናቴን የማይፈራ ተማሪ የለም።"

"አንተ ተማሪያቸው ነህ?"

"ከሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ" አለና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። እጄን ግን አልለቀቀም። ስንወርድ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ይዞኝ ነበር፤ እኔ ግን ይህን እጅ በስንተኛው ሰኞ ነው የማጣው እያልኩ ነበር የምወርደው።

ሐሙስ ዕለት የእሱ አውቶቡስ ከሁሉ ቀድሞ ሲደርስ ሻርፔን አስተካከልኩ። እንግዶቹ ገቡ። እሱም ገባ። ከኋላቸው ደግሞ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ተከተላቸው። ከእንግዶቹ የአንዱ ሀብታም ዘመድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አስጎብኚዬ ወደ እኔ አላየም። እንደምን አደርሽ የምትለዋን የዓይን ጥቅሻ ጠበቅሁ፤ አልመጣችም። ሥዕሏ ፊት ቆመና መሬት መሬት እያየ፣ ከደረቱ ሳይሆን ከከንፈሩ በሚወጣ ድምፅ ተናገረ።

"ይህች ሴት መስኮቱን እየዘጋች ነው። የምትጠብቀው ሰው የለም። መጠበቋን ጨርሳለች።"

ከዚያ እንግዶቹን ይዞ ወጣ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

እኔ የቆምኩበት ቀረሁ። ሥዕሏ ጋ ስደርስ ትሰሚያለሽ ብሎኝ አልነበር? ሰማሁ። እናቱ ከመምጣታቸው በፊት መልሱን አስቀድሞ ላከልኝ አልኩ። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት ስላጣ፣ በዚያችው በለመድናት መንገድ፣ በሰው መሀል አሰናበተኝ አልኩ። አንድ ልጅ ጣቱን ወደ አንድ ሥዕል ሲዘረጋ አየሁት፤ "አይነካም" ማለት አቃተኝ። ከእሱ በኋላ የመጡት አስጎብኚዎች ያሉትንም አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁና ክፍል ቀይሩልኝ አልኩ።

"የት ልቀይርሽ?"

"ሳንቲም ክፍል።"

"ምድር ቤት? እዚያ እኮ ሰው ዝር አይልም።"

"ለዚያ ነው የፈለግሁት" አልኩት።

የሳንቲም ክፍል ጠባቂ ሪዛቸው አፋቸውን የሚሸፍን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሽ ሪዙ ነው የምንላቸው። ከዓርብ ጀምሮ እሳቸው ወደ ሥዕል ክፍል ወጡ፤ እኔ ወርጄ ገባሁ። ሐሙስ ማታ ስልኬ ጠራ። እሱ ነበር፤ አላነሳሁም። ዓርብ ከከተማ ውጭ እንግዶች ይዞ ሄዶ ከዚያም ደወለ። እሱንም አላነሳሁም። በሰው ፊት የነገረኝን ለብቻዬ ሊደግምልኝ ካልሆነ ምን ይለኛል?

"ቢያንስ አንሺና ስደቢው" አለችኝ እህቴ። ከዚያ ፊቴን አየችና ዝም አለች። እህቴ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ መሆኑ ያኔ ነው የሚገባኝ። ፀጉሬን እንደ ልጅነቴ በጣቶቿ ታበጥርልኝ ጀመር፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ሳንቲም ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። በመስታወት ሣጥኖች ውስጥ ማንም የማይገበያይባቸው የድሮ ሳንቲሞች ተደርድረዋል። የአየር ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ቆሜ ከላይ የሰው ኮቴ እሰማ ነበር። አሁን እናቱን ይዞ ገብቶ ይሆናል እላለሁ። አሁን ሥዕሏ ጋ ደርሰው ይሆናል እላለሁ። በእኔ ቦታ ጋሽ ሪዙ ቆመዋል፤ ደህና፣ በእኔ የሚያፍር አይኖርም እላለሁ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እኩለ ቀን አልፎ አንዲት ወይዘሮ በሊፍት ወረዱ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ልብሳቸው ጥቁርና በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ሲራመዱ ግን ያነክሳሉ። ሳንቲሞቹን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ወደ ወንበሬ ቀጥ ብለው መጡ።

"ልጄ፣ ይህ ወንበር የንጉሥ ነው ወይስ ሰው ይቀመጥበታል?"

ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ። "የእኔ ነው፤ ይቀመጡ እማማ።"

"አንቺስ?"

"እኛ ሰው ሲኖር መቀመጥ አልተፈቀደልንም።"

"እኔ ዛሬ ሰው አይደለሁም፤ እግር ብቻ ነኝ" ብለው ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ጫማ ነበር። ተረከዛቸው ቀልቷል። "በዚህ ዕድሜ በአዲስ ጫማ ከተማ የሚዞር ሞኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? ማማውን ወጣሁበት፤ ቤተ መንግሥቱን ዞርኩበት። ሙዚየሙ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ።"

"ለምን አደረጉት ታዲያ?"

"ወንድ ልጄ ሰው ላስተዋውቅሽ ስላለኝ ነዋ። ለሰው ብዬ ነው የዘነጥኩት።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። "እዚሁ አስጎብኚ ነው። ሳታውቂው አትቀሪም፤ ወሬኛ ነው።"

የመስታወቱን ሣጥን ተደገፍኩ፤ ሌላ ሰው ቢደገፈው "አይነካም" የምለውን። እሳቸው ግን እግራቸውን እያሹ ስለነበር አላዩኝም።

"ጠዋት ቁርስ ላይ 'እማዬ፣ ዛሬ አንድ ሰው አሳይሻለሁ' አለኝ። ማናት ስለው ዝም። ምን ተማረች ስለው ዝም። የማን ልጅ ናት ስለው ሻይ ይቀዳልኛል። 'ስታያት ታውቂያታለሽ' ብቻ ነው መልሱ። ከዚያ አምጥቶ አንድ ሥዕል ፊት አቆመኝ፤ መስኮት ጋ የቆመች ሴት። እኔ መጀመሪያ ሥዕሏ መስላኝ ነበር። ልጄ ሥዕል ወደደ ብዬ ክው አልኩልሽ!"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ጠፋ።

"እሱ ሥዕሉን አላየም። ጥጉን ነው ያየው። ጥጉ ላይ ሪዛም ሽማግሌ ቆሞ ያዛጋል። የልጄ ፊት አመድ መሰለ። 'የታለች?' አልኩት። 'የለችም' አለኝ። 'የት ሄደች?' 'አላውቅም እማዬ፤ ስልክም አታነሳ። የለችም።' ሽማግሌውን ሳይጠይቅ ወጥቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አባቱ የሞተ ጊዜ እንኳ እኔን ሊያጽናና ይቀልድ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው።"

"ሥዕሏ…" አልኩ። "ሥዕሏ ምን እያደረገች ነው አለዎት?"

"እሱ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ባለሙያዎች ሙዚየሙ በተዘጋበት ሰኞ ሥዕሉን ሲያጸዱት እየከፈተች ሳይሆን እየዘጋች ነው ብለው ወሰኑ አሉ። ከሐሙስ ጀምሮ አስጎብኚ ሁሉ እንደዚያ እንዲል ታዟል። አንድ ሹም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ያዳምጣቸዋል። 'ሐሙስ ዕለት ያን ስናገር አፌ መረረኝ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ' አለኝ። ለምን እንደመረረው ግን አልገባኝም። መስኮት ነው፤ ቢከፈትስ ቢዘጋስ ምን ይሆናል?"

እኔ ግን ገባኝ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰው ገባኝ። መሬት መሬት ያየበት ምክንያት ገባኝ። ያ ሁሉ ያለቀስኩለት ነገር የቢሮ ትእዛዝ ነበር። ከሥዕሏ የሚወጣው ቃል ሁሉ ለእኔ ነው ብዬ የለመድኩ እኔ፣ ለሁሉም ሰው የተባለውን ለራሴ ወሰድኩት። እሱ ግን በቀጠሮው እናቱን ይዞ መጥቶ ቆሟል። ያልቆምኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሮዋ ጫማቸውን መልሰው ሊያጠልቁ ጎንበስ አሉ። ዝም ብል ይነሱና ይሄዳሉ። ነገ ወደ ከተማቸው ይመለሳሉ፤ እሱም ለእኔ የሚሆን ድፍረት ዳግመኛ አያገኝም። ብናገር ደግሞ እነዚህ ደግ ዓይኖች ዩኒፎርሜን ሲያዩ እንዴት እንደሚለወጡ ማየት ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚያስፈራኝ አላውቅም ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"የለችም የተባልኩት። እኔ ነኝ።"

እጃቸው ጫማው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ከመታወቂያዬ ወደ ዩኒፎርሜ፣ ከዩኒፎርሜ ወደ ጫማዬ ወረደና ተመልሶ ፊቴ ላይ አረፈ። ተማሪ ሲያጠፋ እንዲህ ነበር የሚያዩት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

"ጠባቂ ነሽ" አሉ።

"አዎ።"

"አባትሽስ?"

"በሕይወት የለም። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር።"

"እናትሽስ?"

"እሷም የለችም። የሰው ልብስ ታጥብ ነበር።" እዚያም ላይ አላቆምኩም። "ካፈሩብኝ አልቀየምዎትም እማማ። ግን እሱን አይቆጡት። ያላነሳሁት እኔ ነኝ፤ ክፍል የቀየርኩትም እኔ ነኝ። ትቶኛል ብዬ ነው። ብቻዬን መቆም የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ የተተውኩ መስሎ ሲታየኝ ቶሎ አምናለሁ።"

ወይዘሮዋ ጫማውን መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡ። የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ያቃስታል። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ይህን ነው እንግዲህ ሊነግረኝ የፈራው" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። "ስንት የሰው ልጅ አሳድጌ፣ የራሴ ልጅ የወደዳትን ሴት ለእኔ ለመንገር ሥዕል ጥግ ይፈልጋል? እኔ እንዲህ የምፈራ ሰው ነኝ?"

አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ።

"አልዋሽሽም" አሉ እንባቸውን በጣታቸው ጠርገው። "ሌላ ነበር ያሰብኩት። ሐኪም ነገር፣ መምህርት ነገር፣ የማውቀው ሰው ልጅ። ልቤ እስኪስተካከል ትንሽ ጊዜ ትሰጪኛለሽ። እሱ ግን ጊዜ የለውም። ትልቁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው የተውኩት። ሂጂ።"

"አልችልም። ተተኪ ሳይመጣ ክፍል ጥሎ መውጣት ከሥራ ያስባርራል።"

ተነሱ። ጫማቸውን ወንበሩ ሥር ትተው፣ በካልሲያቸው ጥጉ ድረስ ሄደው እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሙ። ትከሻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ እጃቸውን አጣመሩ።

"እኔ እጠብቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ልጆች ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ልጅ ይሮጣል፣ ሳንቲም የት ይሄዳል? ሰው ከገባ ምንድነው የምለው?"

"አይነካም" አልኳቸው፤ እንባዬ ሳላስበው እየወረደ።

"አይነካም" ብለው ደገሙት፣ ትምህርት ቤት በሚያስፈራ ድምፅ። "ሂጂ በይ።"

ሊፍቱን መጠበቅ አልቻልኩም። ደረጃውን ሮጥኩ። በሥዕሉ ክፍል ሳልፍ ጋሽ ሪዙ ዓይናቸው ፈጦ፣ "አንቺ ልጅ፣ ክፍሉን ለማን ጥለሽ ነው?" ብለው ጮኹ።

"ለአማቴ!" አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ግን አልቆምኩም።

እሱ በትልቁ በር ፊት ለፊት ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ሰዉ በግራና በቀኙ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሕፃናት ይዘልላሉ፣ አንዱ ሌላውን ፎቶ ያነሳል። የዚህን ከተማ ድንጋይ ሁሉ የሚያናግር ሰው እጆቹን ጉልበቱ መሀል ከቶ፣ የሚያስረዳው አጥቶ ተቀምጧል። ብቸኝነት እኔ ጋ ብቻ የሚውል ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ጋ ደርሷል፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ።

ፊቱ ቆምኩ። ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚናገረው፤ እኔ ነበርኩ የምሰማው። አሁን ተራው የእኔ መሆኑን አወቅሁ። ብዙ የሚያምር ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ይህ ብቻ ነበር።

"እናትህ ታች ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው የእኔን ክፍል እየጠበቁልኝ ነው።"

አልገባውም። እንደገና ነገርኩት። በሁለተኛው ገባው፤ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ ልገልጸው አልችልም። ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ እምቢ አለውና መልሶ ተቀመጠ። እኔም ከነዩኒፎርሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው ሲኖር መቀመጥ ክልክል መሆኑን አላስታወስኩም።

"ስልክ አላነሳ ስትዪኝ…" አለና አቆመ። "የሆነ ነገር የሆንሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ የጠላሽኝ መሰለኝ።"

"እኔም ያሰናበትከኝ መሰለኝ።"

"እኔ? አንቺን?"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐሙስን፣ መስኮቱን፣ ሙሉ ልብስ የለበሰውን ሰው። እየሰማኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ለመለየት እጁን ከፊቱ ላይ አነሳሁ። እያለቀሰ ነበር።

"ታች ስንወርድ ምን ትለናለች?" አለኝ ድምፁ ተቆራርጦ። "እፈራለሁ።"

"እኔም እፈራለሁ" አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከማማው ላይ ከነበረው ፍርሃት አያንስም። እጁን ያዝኩና አስነሳሁት፤ በትልቁ በር ገብተን ወደ ምድር ቤት የሚወስደውን ደረጃ መውረድ ጀመርን። ስንፈራ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻችን አልነበረም።